ዳገትና ቁልቁለት ላለበት አገር የጓዝ አሸካከፍ፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ዙሪያው ቤት ለምትቀይሩ

ወሎ ውስጥ ቤት ሲቀየር ዕቃ የሚሰብረው የመንገዱ ርዝመት አይደለም፤ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጭነቱ ወደ ጋቢናው ይገፋል፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላው ስፖንዳ ይጎተታል፤ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይንሸራተታል። «ቅርብ ነው» ተብሎ ሳይታሰር የተጫነ ጓዝ ሐረጎን ሲጨርስ ቡፌው ሌላ፣ መስታወቱ ሌላ ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰውም አዲስ አበባ እንደሚሄድ ሰው አድርጎ ይሸክፍ።

እዚያው ደሴ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር ለሚቀይር ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ግቢ ዳገት ላይ ነው፤ መኪና በሩ ድረስ አይገባም። ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ ያለውን ደረጃና ኮረኮንች ዕቃው በሰው ትከሻ ነው የሚያልፈው። መኪና ከመነጋገራችሁ በፊት ሁለቱንም ቤት ሄዳችሁ እዩ፤ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ፣ ከዚያ እስከ በሩ ያለውን እርምጃ፣ የበሩንም ስፋት ለኩ። ቁም ሳጥኑ በአሮጌው በር የገባው ምናልባት ሳይገጣጠም ነው።

ቀን መቁረጥ

ሐምሌና ነሐሴን ከቻላችሁ ዝለሏቸው። የማይቀር ከሆነ ጠዋትን ተሻሙ፤ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚወርደው። ጭነት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ መኪናው 4 ሰዓት ላይ ከተነሳ፣ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ለሚወርድ ሰው ዕቃው ከዝናቡ በፊት ቤት ይገባል። ጨለማ ለጨለማ መነሳት ግን አያዋጣም፤ ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን ጉም ይሸፍነዋል። መጋቢትና ሚያዝያም በልግ አላቸውና ሸራ ሳትይዙ አትውጡ።

ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጭነት አትቅጠሩ። ከጫኞቹ ግማሹ ለጁምዓ ይሄዳል፤ የቀረው ግማሽ ቁም ሳጥን ብቻውን አያነሳም። በረመዳን ሥራው ከረፋዱ በፊት ማለቅ አለበት፤ ጾመኛ ጫኝ ከቀትር በኋላ ዳገት ላይ ፍሪጅ ማሸከም ግፍ ነው። ወደ ባቲ የምትሄዱ ሰኞን ተዉት፤ የገበያው ቀን ነው፣ መኪናም ይወደዳል፣ መንገዱም በሰውና በከብት ይሞላል። የኪራይ ወር የሚያልቅበት የ30ኛው ቀን ዙሪያም ሁሉም ሰው መኪና የሚፈልግበት ነው። ከአከራዩ ጋር ተነጋግሮ ሁለት ሦስት ቀን ማስቀደም ከተቻለ ዋጋው ይሻላል።

ወረቀቱ ከዕቃው ይቀድማል

ከሁለት ሳምንት በፊት ከቀበሌ መሸኛ አውጡ፤ አዲሱ ቀበሌ ያለ እሱ አይመዘግብም። የልጆች የትምህርት ቤት መልቀቂያ፣ የጤና መድኅን ካርድ፣ የኪራይ ውልና የቤተሰቡ መታወቂያ በአንድ ክላሴር ይግቡ። የመብራትና የውሃ የመጨረሻ ክፍያ ተከፍሎ ደረሰኙ ይያዝ፤ ቆጣሪው የሚያሳየውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት። ከአከራይ ጋር የሚነሳው ክርክር ሁሉ የሚያልቀው በዚያች ፎቶ ነው። እድር ያለበትም ሰው ሒሳቡን ዘግቶ ይሰናበት። ክላሴሩ ካርቶን ውስጥ አይገባም፤ ከወርቅና ከገንዘብ ጋር በእጅ ቦርሳ ይሄዳል። መንገድ ላይ ኬላ ቢኖርና ዕቃው የማን እንደሆነ ቢጠየቅ ቶሎ የሚመዘዘውም እሱ ነው።

ማሸጊያ

ለሁለት ክፍል ቤት 15 ያህል ካርቶን፣ 10 ማዳበሪያ፣ አራት ሰፋ ያለ ፕላስተር፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ 30 ሜትር ወፍራም ገመድ፣ አንድ ማርከር ይበቃል። ካርቶን ከሱቅ ይገኛል፤ የፓስታና የብስኩት ካርቶን ንጹሕ ነው። የሳሙና ካርቶን ለልብስ እንጂ ለሽሮና ለቡና አይሁን፤ ሽታው አይለቅም። የዘይት ካርቶን ታቹ ወዝቶ ስለሚላላ ከማንሳታችሁ በፊት ፈትሹት። የካርቶን ታች በአንድ መስመር ብቻ አይለጠፍ፤ መሐሉን በቁመት ከለጠፋችሁ በኋላ በአግድም ሁለት ጊዜ አጥብቁት።

አንድ ካርቶን ከ20 ኪሎ አይለፍ። የደሴን ደረጃ የሚወጣው ሰው ከዚያ በላይ ከያዘ ያንሸራትተዋል። መጽሐፍ በትንሽ ካርቶን፣ ልብስ በትልቅ። ቁርአን፣ ዳዊትና የጸሎት መጽሐፍ ከድስትና ከጫማ ጋር አይታሸጉም፤ በእጅ ይያዛሉ።

ምልክቱ ከላይ ሳይሆን ከጎን ይጻፍ፤ ካርቶን በካርቶን ላይ ሲደረደር ላዩ አይታይም። ቁጥርና ክፍል ይበቃል፦ «7 – ጓዳ»። በደብተር ላይ ደግሞ «7 – ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድልህ፣ የቡና ሙቀጫ» ብላችሁ ዘርዝሩ። ጫኞቹ በውስጡ ያለውን ማወቅ የለባቸውም፤ እናንተ ግን መኪናው ሲወርድ 22 ተጭኖ 21 መውረዱን ማወቅ አለባችሁ።

ጓዳ

አብዛኛው ስብራት የሚደርሰው እዚህ ስለሆነ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

ጀበና። የሚሰበረው ሆዷ አይደለም፤ አንገቷና ጆሮዋ ናቸው። ከሁለት ቀን በፊት ታጥባ ተደፍታ ትድረቅ፤ ውሃ የያዘ ሸክላ ይከብዳል፣ ጨርቁንም ያረጥባል። ከዚያ በጆሮዋና በአንገቷ መሐል ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ ጨርቅ ሙሉት፤ ጨርቁ ጠቅ ብሎ ይግባ እንጂ አይገፋት። ቀጥሎ አንገቷን ከላይ እስከ ታች በጨርቅ ጠቅልሉና ጆሮዋን ጨምራችሁ ባንድ ላይ በሲባጎ እሰሩ። አሁን አንገትና ጆሮ አንድ አካል ሆነዋል፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ይይዘዋል። በባልዲ ውስጥ ጭድ ወይም አሮጌ ልብስ አንጥፋችሁ አቁሟት፤ ዙሪያዋን ጠቅጥቁ። ባልዲው በሰው ጭን ላይ ቢሄድ ይመረጣል።

ሲኒ። የእንቁላል ትሬ ፈልጉ። ሲኒውን በየጉድጓዱ ሳይሆን አንዱን እየዘለላችሁ ደፍታችሁ አስቀምጡ፣ በሌላ ትሬ ክደኑ፣ በሲባጎ እሰሩ። ሳህን ተጋድሞ አይደረደር፤ በጠርዙ ቆሞ፣ በየመሐሉ ወረቀት ወይም ጨርቅ ገብቶ ይሂድ። የተጋደመ ሳህን መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር የላዮቹን ክብደት ሁሉ የሚሸከመው የታችኛው ነው። ረከቦቱ እግሮቹ ከወለቁ ይውለቁ።

የሸክላ ምጣድ። የማገዶው ምጣድ በጠርዙ ቆሞ፣ በሁለት ፍራሽ መሐል ይጫናል። ተጋድሞ ከሄደ መሐሉ ድጋፍ ስለሌለው በንዝረት ይሰነጠቃል። የኤሌክትሪኩ ግን በሣጥኑ ውስጥ በጂፕሰም ተይዞ የተቀመጠ ስለሆነ እንደ አቀማመጡ፣ በእግሩ ቆሞ ይሂድ፤ በጎኑ ከቆመ ሸክላው ከሣጥኑ ጋር ይላቀቃል፣ ሽቦውም ከቦዩ ይወጣል። ክዳኑን ለብቻ አውጥታችሁ ጠቅልሉ፤ ምጣዱን በክዳኑ እጀታ ማንሳት የተለመደ ጥፋት ነው። ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይነጠፍለት፣ ከላዩ ምንም አይጫን፣ ትራስም ቢሆን። የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይቀዝቅዝ፤ ሞቅ እንዳለ ደሴ ብርድ ውስጥ ያወጡት ሸክላ መንገድ ሳይጀምር ይሰነጠቃል።

መሶብ። ቀላል ናት፣ ግን ትጨፈለቃለች። ውስጧን ነጠላና ጋቢ ሙሏት፣ በላስቲክ ጠቅልሏት፤ የቀለም ስንደዶ ዝናብ ካገኘው ቀለሙ ይሮጣል፣ አይመለስም። ከሁሉም ላይ፣ መጨረሻ ትጫን። ሰፌድና ወንፊት ለብቻ ይታሰሩ።

እህል። ጤፍ በማዳበሪያ 50 ኪሎ ይሁን፤ ኩንታሉን ሙሉ በዳገት የሚሸከም ሰው ዛሬ ውድ ነው። አፉ ተጣጥፎ ይሰፋ፤ በሲባጎ ብቻ የተቋጠረ ማዳበሪያ ሲጎተት ይፈታል። ጋዝና ከሰል ከጤፍ አጠገብ አይቀመጡ፤ የጋዝ ሽታ የገባበትን ጤፍ ዶሮም አትበላው።

ዘይትና ቅቤ። ሰው የማያስበው ነገር ይኸውና፦ ከቆላ ወደ ደጋ ስትወጡ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ጀሪካን ይነፋና በክዳኑ ያንጠባጥባል። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመጣ ጓዝ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ቆላ ወርዶ፣ መልሶ ደሴ ይወጣል። ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉት፤ አራት ጣት ይጉደል። ክዳኑ ሥር ላስቲክ ይደረግ፣ ጀሪካኑም በሳፋ ውስጥ ይቁም። ቅቤ ከሚሴ ላይ ይቀልጣል፤ ደሴ ላይ ድንጋይ መስሎ ቢታያችሁም ክዳኑን በፕላስተር አጥብቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።

እርሾ። ይኸኛው የዘይቱ ተቃራኒ ነው፤ እርሾ ሕይወት አለው፣ ይተነፍሳል። ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ የእርሾ ጠርሙስ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ይፈነዳል፤ ከፈነዳም ሽታው ከልብስ በሳምንት አይወጣም። የፕላስቲክ ዕቃ ግማሽ ድረስ ሙሉ፣ ክዳኑን አላልታችሁ አስቀምጡ፣ በፌስታል ደግሞ ላላ አድርጋችሁ ቋጥሩት፤ በእጅ ይያዝ። ቡሆ ግን አይጓጓዝም። ከመንቀሳቀሳችሁ ከሁለት ቀን በፊት ያለውን ሁሉ ጋግሩ። አዲሱ ቤት ገብታችሁ ሊጥ አቡክታችሁ እስኪቦካ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃልና የሦስት ቀን እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ።

ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ቁም ሳጥን

ፍሪጅ ከአንድ ቀን በፊት ይነቀል፣ በሩ ተከፍቶ በረዶው ይቅለጥ፣ በጨርቅ ይድረቅ። መደርደሪያዎቹ ይውጡ፣ በሩ በፕላስተር ሳይሆን በገመድ ይታሰር፤ ፕላስተሩ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ቆሞ ይጫን። ተጋድሞ ከሄደ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይገባል፤ ቶሎ ከተሰካ ይቃጠላል። ቆሞ የሄደው ከደረሰ በኋላ አራት ሰዓት ያህል፣ ተጋድሞ የሄደው ሙሉ ቀንና ሌሊት ቆሞ ካልቆየ አይሰካም። ዳገት ላይ ሲሸከሙት ማዘንበሉ አይቀርም፤ ብቻ ከግማሽ በላይ አይዘንበል።

ቴሌቪዥን በፍጹም ተጋድሞ አይሄድም። ካርቶኑ ከተጣለ በስክሪኑ ልክ የተቆረጠ ካርቶን አልብሳችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉትና በጋቢና ወንበር ላይ ቀበቶ እሰሩት፤ ሰው ከመቀመጡ እሱ ይቅደም። ዲሹን ከማውረዳችሁ በፊት ኤል ኤን ቢው (ከሳህኑ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ክንዱ ላይ የታሰረበትን ቦታና የጀርባውን ማዘንበያ በማርከር ምልክት አድርጉበት። ከደሴ ኮምቦልቻ የሳተላይቱ ማዕዘን አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ አዲሱ ቤት ምሰሶው ቀጥ ብሎ ከቆመ ምልክቱን ተከትሎ ይታሰርና አቅጣጫው ብቻ ወደ ጎን እየዞረ ሲፈለግ ቶሎ ይይዛል። ምሰሶው ካዘነበለ ግን ምልክቱ ዋጋ የለውም።

ቁም ሳጥንና ቡፌ ችፕውድ ከሆኑ ይፈቱ። ችፕውድ ሲጎተት ብሎኑ የገባበት ቦታ ይፈረፈራል፤ ከዚያ በኋላ ብሎን አይይዝም። ካቻቢቴና 10፣ 12፣ 13 ቁጥር ቁልፍ ያዙ። ከአንድ በር የወጣ ብሎን ሁሉ በትንሽ ፌስታል ተደርጎ በዚያው በር ላይ ይለጠፍ። «ሁሉንም በአንድ ላይ» ያለ ሰው ማታ ላይ 40 ብሎን ጣውላ ላይ ዘርግቶ ይቆጥራል። መስታወት ላይ ፕላስተር በመስቀል ለጥፉ፤ መሰበሩን አያስቀርም፣ ስብርባሪው እንዳይበተን ግን ይይዛል። ችፕውድ ውሃ ከነካው ያብጣልና የታች ጫፎቹ በላስቲክ ይጠቅለሉ።

የጋዝ ሲሊንደር ቫልቩ ተዘግቶ፣ ሬጉሌተሩ ወልቆ፣ ቆሞ ክፍት ቦታ ይጫን፤ ጋቢና ውስጥ አይግባ። የቡታ ጋዝ ምድጃ ጋዙ ተደፍቶ ይሂድ። በርሜልና ሮቶ ባዶአቸውን ቦታ አይብሉ፤ የልብስ ቋጠሮና ድስት ይሞላባቸው።

መኪናና ጫኝ

የሁለት ክፍል ጓዝ ለተለመደው አይሱዙ በክብደት ቀላል ነው፤ የሚሞላው በቦታ ነው። ከሾፌሩ ጋር ስትነጋገሩ አራት ነገር አስቀድማችሁ ቁረጡ፦ ዋጋው ነዳጅን ይጨምራል ወይ፣ ለመጫን ስንት ሰዓት ይጠብቃል፣ ሸራና ገመድ የማን ነው፣ ጭነት ደርቦ ይጭናል ወይ። የመጨረሻው ወሳኝ ነው። «መንገዴ ላይ ትንሽ ሲሚንቶ አለችኝ» የሚል ሾፌር ዕቃችሁ ላይ አቧራውን ያራግፋል። ከሸራው ቀዳዳ በተጨማሪ ጎማውንም ተመልከቱ፤ በቁልቁለት አገር ጎማው ያለቀ መኪና ርካሽ አይደለም።

ከጫኞች ጋር ደግሞ መጫንና ማውረድ ለየብቻ ነው። ብዙ ቦታ መኪናው ሲደርስ የሰፈሩ አውራጆች «የማውረዱ ሥራ የኛ ነው» ብለው ይቀርባሉ። ዕቃው ላይ ቆሞ መከራከር ለዝናብ ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት አዲሱ ሰፈር ሄዳችሁ ዋጋ ተነጋገሩ። ለጫኞች ግማሹ ሲጫን፣ ቀሪው ቆጠራው ሲያልቅ ይከፈል።

አጫጫን

1. ወለሉን ጥረጉ፤ ሚስማር ወይም የሲሚንቶ ጭቃ ካለ አስነሱ። አሮጌ ካርቶን ወይም ሸራ ይነጠፍ።
2. ከጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ ከባዱ ይግባ፦ ፍሪጅ፣ የተፈታ ቁም ሳጥን፣ አልጋ። ጣውላው በቁመቱ ይቁም። ቁልቁለት ላይ ግፊቱን የሚቀበለው ይህ ግድግዳ ስለሆነ ክፍተት አይኑረው።
3. ይህ ረድፍ ብቻውን ከሁለቱ ስፖንዳ ጋር በገመድ ይታሰር። ሁሉም ከተጫነ በኋላ ከላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማሰር ዳገት ላይ አይረዳም፤ የታችኛው ሲላላ የላዩ ገመድ ይንጠለጠላል።
4. የእህል ማዳበሪያ በመሐል፣ ከጎማው በላይ ይነጠፍ። በላዩ ካርቶን ይደርደር፤ ከባዱ ታች፣ ጓዳ የተጻፈበት ላይ። ከሦስት በላይ አይደራረብ።
5. ክፍተት ሁሉ በልብስ ቋጠሮ ይጠቅጠቅ። በእጃችሁ ስትገፉት የሚነቃነቅ ካርቶን መታጠፊያው ላይ ይወድቃል።
6. ፍራሽ በጎን ቆሞ የሸክላ ምጣዱን በመሐሉ ይይዝ። ፍራሹ ላስቲክ ለብሶ ይሁን።
7. መጨረሻ ላይ መሶብ፣ ወንበር፣ ሰፌድ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ወደ ኋላ፣ ቆሞና ታስሮ። ሸራው ከፊት ወደ ኋላ ይሸፍን፤ ከኋላ ወደ ፊት ከተደረበ ነፋሱ ይገባበትና ይቀደዳል።

ከተነሳችሁ ከ5 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ አስቁማችሁ ገመዱን አጥብቁ። ጓዝ መጀመሪያ ላይ ይረጋል፣ ገመድም ይላላል። ሾፌሩ ቢያጉረመርም ዝም በሉት።

ሲደረስ

አንድ ካርቶን ላይ «መጀመሪያ» ብላችሁ ጽፋችሁ በመጨረሻ ጫኑት፤ መጀመሪያ ይወርዳል። በውስጡ ክብሪት፣ ሻማ፣ ሁለት አምፖል፣ ማከፋፈያ፣ ካቻቢቴ፣ የበር ቁልፍ፣ ሳሙና፣ ስድስት ሲኒ፣ ቡና፣ ስኳር፣ እጣን ይኑር። አንድ ሙሉ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃም አይቅር፤ የደረሳችሁበት ቀን የሰፈሩ የውሃ ፈረቃ ላይሆን ይችላል። ጎረቤት «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ሲገባ ቡና ካልተፈላና ዱዓ ካልተደረገ ገባን አይባልምና ጀበናዋ ካርቶን ፍለጋ አታስነሳችሁ።

በሩ ላይ አንድ ሰው ደብተሩን ይዞ ይቁም፤ ቁጥሩን እየጠራ ወደየክፍሉ ይምራ። አልጋው መጀመሪያ ይገጠም፤ ሲመሽ ሌላው ሁሉ ያድራል።

ኤሌክትሪክ ምጣዱን ከመሰካታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ መስመሩን፦ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢና ከዚያም በላይ ይጎትታል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ለአምፖልና ለስልክ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ግድግዳው ውስጥ ይሞቃል። ለብቻው ወፍራም መስመርና ብሬከር ከሌለ ኤሌክትሪሺያን ይምጣ። ሁለተኛ ሸክላውን፦ በመብራት አስጠግታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ጸጉር ያህል ቢሆንም እስከ ሽቦው ከዘለቀ እርጥብ ሊጥ ሲፈስበት መብራት ይይዛል፤ አይሰካ።

ደህና ከሆነ ባዶውን ለአጭር ጊዜ ለኩሱት፣ አጥፉት፣ ትንሽ ቆይታችሁ ደግሙት። መንገድ ላይ ያገኘው እርጥበት በዝግታ ይውጣ። ከዚያ የጎመን ዘር አሹት። በሦስተኛው ቀን ሊጡ ሲደርስ የመጀመሪያዋ እንጀራ ተጣብቃ ብትወጣ ምጣዱ ተሰብሮ ነው አትበሉ፤ ያቺ ለማሟሻ ናት።